ሐረጉ እንዳይቆረጥ

በልጅነቴ ሐረግ የሚለው ቃል ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በማድቤታችን ግድግዳ ላይ እየተንጠላጠለ የሚወጣው የእኛ ተክል። ትልልቅ ሰዎች «የዘር ሐረግ» ሲሉ ብሰማ እንኳ የዚያን ተክል ዘር የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። በዚህ አንድ ቃል የተነሳ ያየሁትን ጭንቀት ዛሬ ለሰዎች ሳጫውት ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። እስከ መጨረሻው ድረስ ግን አውርቼላቸው አላውቅም።

ተክሉን ያመጣው ዳውድ ነው። ዳውድ የነጋዴው የጋሼ ጁነይዲ ልጅ፣ የወንድሜ የአለበል ደግሞ የልብ ጓደኛ ነበር። በከተማችን በአርብ ገበያ የእነሱ ሱቅና የእኛ ቤት ጀርባ ለጀርባ ስለሆነ ሁለቱ በበር መግባት አያውቁም፤ አጥር እየዘለሉ ነው ያደጉት። ጋሼ ጁነይዲ ጨው ጭነው ወደ በሽሎ ቆላ ሲወርዱ በቅሎዎቹን የሚነዳው ዳውድ ነው። አንድ ጊዜ ሲመለስ ከኪሱ አንድ ሥር አወጣ፤ ሁለት ጣት ግንባር ለግንባር የተጣበቀ የሚመስል፣ አፈር የለበሰ ነገር።

«አበባው እሳት ነው» አለን።

የሰማው ሁሉ ሳቀበት። የቆላ ተክል በእኛ ውርጭ አንድ ሌሊትም አያድርም ተባለ። አለበል ግን ሞኝ አልነበረም። ከማድቤቱ በስተውጭ፣ ምድጃው ከውስጥ እያሞቀው ጭቃው ሁልጊዜ ለብ በሚልበት ግድግዳ ሥር ተከለው። በክረምቱ በቀለ። ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ላይ ይጠመዘዝና ያገኘውን ሁሉ ይይዛል፤ ጭድ፣ ገመድ፣ የሌላውን ቅጠል አንገት። ጣቴን አስጠግቼ እስኪይዘኝ እጠብቅ ነበር። ነሐሴ ላይ ሲያብብ የአበባው ቅጠሎች ወደ ኋላ ተገልብጠው ከታች ቢጫ፣ ከላይ ቀይ ሆኑ። ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ እየገቡ ያዩት ነበር።

ድጓ ከሚያስተምሩበት ከቤተ ልሔም ደብር ለጥየቃ የመጡት የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ ፊቱ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛ ብራና ላይ ለጌጥ ስንስለው የምንለፋበት ሐረግ እዚህ በነፃ በቅሎ የለም እንዴ!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሙ ሐረጉ ሆነ።

ዳውድ ግን አንድ ቀን ጆሮዬን ይዞ አስጠንቅቆኛል። «ማንጠግቦሽ፣ አበባውን እይው። ሥሩን ግን እንዳትነኪ። ቆላ ላይ ፍየል እንኳ ከበላው አይተርፍም።»

ይህ ሁሉ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከመግባቱ በፊት ነው። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባታችን እኔ በሆድ ሳለሁ ወደ ኦጋዴን ዘምቶ እዚያው ቀርቷል። እናቴ ካሣነሽ አርብ አርብ ጌሾና ብቅል እየሸጠች ነበር ሁለታችንን የምታሳድገን።

መስቀል እንዳለፈ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ፤ እናቴ ከዚያ ስትመለስ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ሳታወርድ ተቀመጠች። የአለበል ስም ለውትድርና ተጠርቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ሁሉ የምሰማው ወሬ አንድ ሆነ። «ኮታው አልሞላም» ይሉ ነበር፤ እኔ የምሰማው ግን «ጎታው አልሞላም» ነበር። ጎታ እኛም ቤት አለ፤ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ እኔን የሚያክል ልጅ ቁጭ ብሎ የሚጠፋበት የእህል ማስቀመጫ። እና የቀበሌው ጎታ ምን ቢያህል ነው ጎረምሳ ሁሉ እየተጨመረበት የማይሞላው? አለበል በጨለማ ውስጥ እህል ላይ ተቀምጦ ይታየኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ከማድቤቱ ጓሮ የተሰጣ ብቅል ከዶሮ እየጠበቅሁ ሳለ እናቴና እንደገና ለጥየቃ የመጡት መሪጌታ ከውስጥ ሲነጋገሩ ሰማሁ። መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ ዕድሜ ልኩን ድጓ ሲያስተምር የኖረ ሰው ድምፅ ግን ዝቅ ቢልም ይሰማል።

«ካሣዬ፣ ይኸ የሚቀለድበት ነገር አይደለም። መጠኑ ጥቂት ካለፈ ሬሳ ነው የምትታቀፊው።»

«እና ምን ላድርግ? አባቱን ሰጠሁ። እሱንም መርቄ ልስጥ? እርስዎ ይንገሩኛ!»

«እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሐረጉ ከተቆረጠ ይኸ ቤት አለቀለት።»

«ሐረጉ እንዳይቆረጥ ስትዪ በገዛ እጅሽ እንዳትቆርጪው» አሉ መሪጌታ።

ብቅሉን ረስቼ ዞሬ ተክሉን አየሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያምር ነገር ነበር። አሁን ግን ቤታችን በሙሉ በዚያ ቀጭን ግንድ ላይ የተንጠለጠለ መሰለኝ፤ የመጣ የሄደው ሁሉ በዚያ ያልፋል፣ ይነካዋል፣ ዶሮ ይጭረዋል፣ እና ማንም አይጠነቀቅለትም።

ስለዚህ እኔ ተጠነቀቅሁለት። ከሰው ጋር መጫወት ተውኩ። የዳውድ እናት እትዬ ሙሚና አንዲት ነጭ ፍየል ነበረቻቸው፤ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቷን ባስገባች ቁጥር በድንጋይ እላት ነበር። ማታ ማታ ነጠላዬን ለተክሉ አልብሼ እየተንቀጠቀጥኩ እገባለሁ። እናቴ እያየችኝ ወደ ሥራዋ ታልፍ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያኔ የሚታያት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔም ነጠላዬም አልታየናትም።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት እሷው ራሷ በዶማ ሥሩን ስትቆፍር ደረስኩ። ሁለት ጣት ከሚመስለው ሥር አንዱን ሰብራ አወጣችና ሌላውን መልሳ ቀበረችው።

«እማ! ቆረጥሽው!»

«አልቆረጥኩትም። ግማሹ አለ።» አፈሩን በእግሯ ደለደለች። «ለሰው ብታወሪ ግን እኔን አታገኚኝም።»

በማግስቱ አለበል ታመመ። ያስመልሰው ነበር፤ ከሆዱ የሚወጣ ነገር ካለቀ በኋላም ያስመልሰዋል። ጉሮሮዬ ተቃጠለ ይላል፣ ውኃ ይጠይቃል፣ ውኃውን መያዝ ያቅተዋል። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ለጎረቤት ምች ነው አለች። እሷም ከአንድ ቀን በፊት ከቤቱ ኋላ ጎንበስ ብላ ስታስመልስ አይቻት ነበርና በሽታው ከእሷ የተጋባበት መስሎኝ ነበር። አለበል ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የነገረኝ። ሥሩን ለእሱ ከመስጠቷ በፊት ራሷ ቀምሳዋለች፤ እስክታድር ጠብቃ፣ አለመሞቷን አይታ ነው ለልጇ የሰጠችው።

እኔ ግን ያኔ ነገሩ ወለል ብሎ ታይቶኝ ነበር። የተክሉ ሥር ተሰበረ፣ ወንድሜ ታመመ። ሁለቱ አንድ ነፍስ ናቸው። ለዚህም ማስረጃ አላጣሁም። ጥቅምት እየገፋ ሲሄድ ቅጠሉ ቢጫ ሆነና መርገፍ ጀመረ፤ በዚያው ሳምንት የአለበል ፀጉር መርገፍ ጀመረ። ጠዋት ሲነሳ እፍኝ የሚሞላ ፀጉር ትራሱ ላይ ይቀራል። እኔ ከውጭ ቅጠል፣ እናቴ ከውስጥ ፀጉር እንለቅማለን። የረገፉትን ቅጠሎች መልሼ በክር ላስር ሞክሬያለሁ። ዛሬ ያ ተክል በጋ ሲመጣ ከላይ ደርቆ ከሥሩ እንደሚተኛ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን የወደቀውን ቅጠል ሁሉ እየቆጠርኩ አለቅስ ነበር።

አለበል ለምልመላ ሳይቀርብ ሲቀር ሊቀመንበሩ ጓድ ደምሌ ራሳቸው መጡ። አንድ ታጣቂና ከጤና ጣቢያው አንድ ድሬሰር አስከትለዋል። ጓድ ደምሌ ከአብዮቱ በፊት ቆዳ ነጋዴ ነበሩ፤ ሚስታቸው ሁልጊዜ ጥቁር ትለብሳለች። ለምን ጥቁር እንደምትለብስ ጠይቄ አላውቅም፤ ቀለሙን የምትወደው መስሎኝ ነበር።

ድሬሰሩ የአለበልን ዓይን ገልጦ አየ፤ ሆዱን ነካካ፤ ከራሱ ላይ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ሲስብ ፀጉሩ ያለ ምንም ትግል ተከተለው። ወደ በሩ ዞሮ «ጓድ፣ ይኸ ምች አይደለም። የበላው ነገር አለ» አለ።

«ምን ይበላል? እኛ የምንበላውን ነው የሚበላ» አለች እናቴ።

ድሬሰሩ ወደ ጓሮ ወጣ። ሁላችንም ተከተልነው። የተቆፈረው አፈር ገና ከሌላው መሬት ጋር አልተመሳሰለም። ድሬሰሩ አፈሩን፣ ቀጥሎ ተክሉን፣ ቀጥሎ እናቴን አየ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«አበባ ነው።»

«ቆርጠህ አምጣው፤ ሥሩንም አውጣ» አሉ ጓድ ደምሌ ታጣቂውን። ታጣቂው ከማድቤቱ በር ላይ ማጭዳችንን አነሳ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በታጣቂው እግሮችና በግድግዳው መካከል ገብቼ ግንዱን በሁለት እጄ አቀፍኩት። የቀሩት ጥቂት ቅጠሎች ፊቴ ላይ ረገፉ።

«ሐረጋችንን አትቁረጡብን!» ብዬ ጮኽኩ። «ሐረጉ ከተቆረጠ አለበል ይሞታል! ቤታችን ያልቃል!»

ማጭዱ ቆመ። ጓድ ደምሌ ጎንበስ አሉና ፊታቸውን ወደ ፊቴ አስጠጉ። የትምባሆ ሽታቸው እስካሁን ትዝ ይለኛል።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«እማ ናት። ለመሪጌታ ስትነግራቸው ሰምቻለሁ።»

ቀና ብለው እናቴን አዩዋት። እናቴ የማድቤቱን መቃን ይዛለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እኔ የፈራችው ለተክሉ መስሎኝ ስለ እሷም ጭምር አጥብቄ ያዝኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ ካወራሁት ሁሉ ያቺ አንዲት ቃል ልታሳስራት፣ ምናልባትም ከዚያ የከፋ ልታመጣባት እንደምትችል ከየት ልወቅ?

«አያ ደምሌ» አለች እናቴ። ጓድ ሊቀመንበር አላለችም።

ጓድ ደምሌ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው። ባለፈው ምልመላ፣ ሊቀመንበር የራሱን ልጅ ደበቀ እንዳይባል፣ ራሳቸው መርተው ወስደው አስመዝግበውት ነበር። ልጁ እዚያው ሞተ፤ የሚስታቸው ጥቁር ልብስ የእሱ ሐዘን ነው። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በዚያ ጓሮ የቆምነው ሁሉ አንድ ቃል ሰምተን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ነው የሰማን።

«ተላላፊ ነው ብለህ መስክር» አሉት ድሬሰሩን።

«ግን እኮ ጓድ...»

«ተላላፊ ነው አልኩህ! መኪና ሙሉ ሰው ሊያስጨርስብን ነው?» ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩና እንደ ምስጢር «ከእኔ አይደለም ካሣነሽ። ኮታው ግን መሙላት አለበት» አሉ።

ጎታው ነው የተሰማኝ። ግድ አልሰጠኝም። አሸንፌያለሁ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ሰዎቹ ከዓይን እንደራቁ እናቴ ያንን ስንት ቀን የጠበቅሁትን ተክል ከነሥሩ ነቅላ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። አበድኩ። መሬት ላይ ተንከባለልኩ፣ እጇን ነከስኩ። አልመታችኝም። አገጬን ይዛ «ይኸ አበባ ነው። ሐረጉማ ቤት ውስጥ ተኝቷል» አለችኝ።

ገብቼ ፈለግሁ። ከአልጋው ሥር አየሁ፣ ከጎታው ኋላ አየሁ። ከአለበል በቀር ማንም አልነበረም።

ይህን ነገር ካደግሁ በኋላ አኩርፌባታለሁ። ሐረጉ እሱ ከሆነ እኔ ምን ነበርኩ ብዬ በቀልድ አስመስዬ ጠየቅኋት። እሷም ስቃ «አንቺማ ግድግዳው ነበርሽ» አለችኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ይከፋኝ እስካሁን አልወሰንኩም።

ተክሉ ከተቃጠለ በኋላ የመጣው አርብ እንደ ወትሮው የገበያ ቀን ነበር። አለበል ነፍስ ዘርቷል፤ እኔ ግን ተክሉ ስለተቃጠለ ዛሬ ይሞታል ነገ ይሞታል እያልኩ እህል አልቀምስ ብያለሁ። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ዳውድ ቆላ ወርዶ ሌላ ሥር ያምጣ። ልነግረው ሱቃቸው ብሄድ ተዘግቷል። ወደ ገበያው ስመለስ ሰዉ ሲሯሯጥ፣ የበርበሬ ቁና ተደፍቶ ሰው ሁሉ ሲያስነጥስ ደረስኩ። በጨው ተራ በኩል አንድ የወታደር ኢፋ መኪና ቆሟል። ላዩ ላይ ጎረምሶች ተጠቅጥቀዋል። ከመካከላቸው ዳውድ አለ።

«ወዴት ነው የሚወስዷቸው?» አለች አንዲት ሴት።

«ወደ ቆላ ነው አሉ» አለቻት ሌላዋ እንባዋን እየጠረገች።

ወደ ቆላ! የምፈልገው ይኸው ነበር። በሰዉ እግር ሥር ሾልኬ ከመኪናው ጎን ደረስኩ።

«ዳውድ! ዳውድ! ሐረጉ ተቃጠለ! ሌላ ሥር አምጣልኝ! እማ ሥሩን ከቆፈረችው ጀምሮ አለበል ታሞብናል!»

ዳውድ ወደ ታች አየኝ። ያ ሥር ምን እንደሆነ ከእኛ ሁሉ በፊት የሚያውቀው እሱ ነበር። ከመኪናው ጫፍ የተቀመጠው ወታደር «ምንድን ነው የምትለው ይቺ?» ብሎ ጠየቀው። ዳውድ መልስ ከመስጠቱ በፊት ፊቱ ላይ ያለፈውን ነገር ዛሬም ድረስ አየዋለሁ። አንድ ቃል ቢናገር አለበል ከአልጋው ተጎትቶ ከጎኑ ይቀመጥ ነበር። ጓደኛው ምን እንዳደረገ፣ እሱ ራሱ የማን ቦታ ላይ እንደተቀመጠ የገባው በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል።

ሳቀ። «አበባ ነው» አለው ወታደሩን። «አበባ አምጣልኝ ትለኛለች።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «አመጣልሻለሁ ማንጠግቦሽ! በይ አሁን ቤት ግቢ። ለማንም አታውሪ» አለኝ።

መኪናው ሲነሳ እጄን አውለበለብኩለት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቀሎኝ ወደ ቤት የሮጥኩበት ጊዜ የለም። አለበል አልጋው ላይ ደረስኩና «ዳውድ ቆላ ወረደ! ሌላ ሐረግ አመጣልሻለሁ ብሎኛል!» አልኩት።

ምን ላይ እንደሄደ ጠየቀኝ። በመኪና አልኩት። ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ፀጉር የሌለውን ራሱን በጋቢ ሸፈነ። እናቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀምጣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ማዶ የእትዬ ሙሚና ጩኸት ተነሳ። ነጯ ፍየል የሞተችባቸው መሰለኝና፣ በድንጋይ ስላት ስለኖርኩ፣ ከበሩ ኋላ ገብቼ ተደበቅሁ።

አለበል ዳነ። ፀጉሩም ከበፊቱ ይበልጥ ተጠቅልሎ በቀለ። እኔም ዳውድ ቆላ ላይ ሐረጉን አግኝቶ ውኃ እያጠጣው እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ክረምት በመጣ ቁጥር የማድቤቱን ግድግዳ አይ ነበር። አንዳንዴም እትዬ ሙሚና ባሉበት «ዳውድ መቼ ነው የሚመጣው?» እላለሁ። «ኢንሻአላህ» ይሉኛል፤ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ደርግ ወድቆ ወታደር ሁሉ በየመንገዱ ሲመለስ ጋሼ ጁነይዲ በንፋስ መውጫ መንገድ ዳር እየተቀመጡ የሚያልፈውን ወታደር ሁሉ ስለ ዳውድ ጠየቁ። አየሁት የሚል አልተገኘም። አለበል ሲያገባ የመጀመሪያ ልጁን ዳዊት አለው። መሪጌታ ለመዝሙረ ዳዊት ክብር መስሏቸው ደስታቸው ወሰን አጣ። እትዬ ሙሚና ግን ሊጠይቁ መጡና ሕፃኑን ከእናቱ እጅ ተቀብለው፣ አፍንጫቸውን አንገቱ ውስጥ ቀብረው «ዳውዴ» አሉት። በቤቱ ከነበርነው ማናችንም አላረምናቸውም። ስለ ሥሩ ያውቁ ነበር ወይ? አላውቅም። አለበልም ሄዶ ለመንገር ስንት ጊዜ ከአጥሩ ሥር ቆሞ እንደተመለሰ እሱ ነው የሚያውቀው።

አምና አለበል ዓይኑን ለመታከም አዲስ አበባ መጣ። ልጁ ዳዊት ሥራ ላይ ስለሆነ አንድ እሑድ እኔ ይዤው ወደ አንድ የእጽዋት ማዕከል ሄድን። የቆላ ተክሎችን የሚያበቅሉበት የመስታወት ቤት አለ፤ ስንገባ እንፋሎቱ መነጽሬን ሸፈነው። ጠርጌ ሳየው በሽቦው ላይ ነበር። ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ላይ ተጠምዝዞ ሽቦውን ይዟል፤ አበባው ወደ ኋላ ተገልብጦ ነድዷል። ከሥሩ የላቲን ስም፣ ከስሙ በታች ደግሞ «መርዛማ ነው፣ አይንኩ» የሚል ተጽፎበታል።

ስምንት ዓመቴ ተመልሶ መጣ። አለበልን ክንዱን ይዤ ወደ ሌላ በኩል ልመራው ሞከርኩ። አልሄደልኝም። አንዱ ዓይኑ በፋሻ እንደተሸፈነ ተጠግቶ ቆመ። ከዚያ ጣቱን አንሥቶ፣ ልጅ ሆኜ እኔ እንደማደርገው፣ ከአንዲት ቅጠል ጫፍ አጠገብ አስጠጋና ጠበቀ።

«ይኸው፣ ዳውድ አመጣልሽ» አለኝ።

ከኋላችን የመጡ ልጆች «አባባ፣ እኛም እንይ» እስኪሉት ድረስ ጣቱን ከዚያ አላነሳም።